ስሙ አንድ፣ ነገሩ ብዙ

ጊጊሪ በናይሮቢ ከተማ በስተ ሰሜን፣ በካሩራ ደን አጠገብ የሚገኝ ሰፈር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኒው ዮርክ፣ በጄኔቫ፣ በቪየናና በናይሮቢ ካሉት አራት ዐበይት መሥሪያ ቤቶቹ መካከል በአፍሪቃ ምድር ያለው በዚሁ ሰፈር ይገኛል። የድርጅቱ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራምና የሰው ልጅ መኖሪያ ፕሮግራም ዋና ጽሕፈት ቤቶችም በዚያው ናቸው። ከሚያዝያ 27 ቀን እስከ ግንቦት 4 ቀን 2001 ዓ.ም. ድረስ የተባበሩት መንግሥታት የመልክዓ ምድር ስሞች ሊቃውንት ቡድን 25ኛውን ስብሰባ ያደረገው በናይሮቢ ነበር። ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሜይ 5 እስከ 12 ቀን 2009 መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስም ለመመካከር ብቻ ከልዩ ልዩ አገሮች ሊቃውንት መሰብሰባቸው ለሰሚው ትርፍ ድካም መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ደብዳቤ የሚላከው፣ ዕቃ የሚጫነው፣ መሬት የሚመዘገበው፣ በአደጋ ጊዜም ርዳታ የሚደርሰው በቦታ ስም ነው። ስሙ ከተሳሳተ በስሙ የተላከው ሁሉ ይሳሳታል። ስለዚህ የድርጅቱ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ጉዳይ ምክር ቤት በ1959 ይህ ሥራ እንዲጀመር ወሰነ፤ በ1967ም ስለ መልክዓ ምድር ስሞች የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በጄኔቫ ተደረገ።

ይህን ሥራ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ፣ አንድ ስም እርስ በርሳቸው ምንም ዝምድና በሌላቸው በብዙ ነገሮች ላይ ወድቆ መገኘቱ ነው። በኢትዮጵያ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ ነገር ግን መልአኩ ስሙን ከማውጣቱ አስቀድሞ ያው ስም በሌላ ስፍራ ተይዞ እንደ ሆነ የሚጠይቅ አይመስልም። ከዚህ የተነሣ ለከተማ ነዋሪም ሆነ ለመንግሥት ሠራተኛ ስም ብቻውን በቂ ማስረጃ እንዳልሆነ ማወቅ እጅግ ጠቃሚ ነው።

ጣና እና ታና

ለዚህ ጉዳይ ከጊጊሪ የማይርቅ ምሳሌ አለ። የናይሮቢ ሕዝብ ከሚጠጣው ውሃ አብዛኛው የሚመጣው ከንዳካይኒ ግድብ ነው። ግድቡ የተሠራው በቲካ ወንዝ ላይ ሲሆን፣ ይህም ወንዝ የታና ገባር ነው። ስለዚህ በጊጊሪ ቧንቧ ከፍቶ የሚጠጣ ሰው የሚጠጣው ወደ ታና ይወርድ የነበረውን ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ታና ከአበርዴር ተራሮችና ከኬንያ ተራራ ተነሥቶ፣ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። በኬንያ ካሉት ወንዞች ሁሉ ረጅሙ እርሱ ነው። ማሲንጋ፣ ካምቡሩ፣ ጊታሩ፣ ኪንዳሩማና ኪያምቤሬ የሚባሉት የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጩ ግድቦችም የሚገኙት በዚሁ ወንዝ ላይ ነው።

በባሕር ዳር፣ በጎርጎራ ወይም በደልጊ ግን ጣና ቢባል የሚታወቀው ሌላ ነው። ይህ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ በደሴቶቹ ላይ ባሉት ገዳማት የተከበረ፣ ዐባይም የሚወጣበት የኢትዮጵያ ታላቅ ሐይቅ ነው። ሐይቁና በዙሪያው ያለው ምድር በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። የሐይቁ ውሃ በዐባይ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር፣ የኬንያው ወንዝ ውሃ ደግሞ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይሄዳል። ሁለቱ በምንጭም፣ በገባርም፣ በመድረሻም አይገናኙም።

ስሙ በእነዚህ በሁለቱ አላበቃም። በአውሮፓ ሰሜናዊ ጫፍ ኖርዌይንና ፊንላንድን የሚያዋስን፣ ሳልሞን በሚባለው ዓሣ የታወቀ ታና የሚባል ወንዝ አለ። ኖርዌያውያን ይህን ስም ያገኙት ዴያትኑ ከሚለው የሳሚ ሕዝብ ቃል ሲሆን፣ ትርጓሜው ታላቅ ወንዝ ማለት ነው። የማዳጋስካር ዋና ከተማ አንታናናሪቮ በሰው አፍ ሲያጥር ታና ይባላል፤ ሙሉ ስሙ የሺዎች ከተማ ማለት ነው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ በቫኑዋቱ አገር ያሱር የሚባል እሳተ ገሞራ ያለባት ታና የምትባል ደሴት ትገኛለች። ካፒቴን ኩክ በ1774 በደረሰ ጊዜ የደሴቲቱን ስም ለማወቅ ወደ መሬት እያመለከቱ ቢጠይቁ፣ ነዋሪዎቹ በቋንቋቸው ምድር ማለት የሆነውን ቃል መለሱላቸው፤ ያም ቃል የደሴቲቱ ስም ሆኖ ቀረ ይባላል።

እነሆ፣ አንድ ሐይቅ፣ ሁለት ወንዞች፣ አንድ ከተማና አንዲት ደሴት ባንድ ስም ሲጠሩ ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ከሌላው ስሙን አልወረሰም፣ አንዱም ለሌላው ስም አላወጣም።

ስም የሚደጋገምባቸው ምክንያቶች

የስም መመሳሰል ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ ስለሚያስፈልግ በአራት ከፍሎ መመልከት ይገባል።

የመጀመሪያው፣ ሰዎች በልዩ ልዩ ቦታ ሆነው አንድ ዓይነት ነገር ሲያዩ አንድ ዓይነት ስም ማውጣታቸው ነው። ናይሮቢ የሚለው ስም የመጣው ቀዝቃዛ ውሃ የሚል ትርጓሜ ካለው የማሳይ ቋንቋ አጠራር ነው። ማሳዮች ከብቶቻቸውን እየነዱ በሰፊው አገር ስለሚዘዋወሩ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያገኙትም በአንድ ስፍራ ብቻ ስላልሆነ፣ በታንዛንያ በኪሊማንጃሮ ተራራ በስተ ምዕራብም ንጋሬናይሮቢ የሚባል ቦታ ይገኛል። አንደኛው የሚሊዮኖች ከተማ፣ ሁለተኛው የገበሬዎች መንደር ነው፤ ያገናኛቸው የውሃው ቅዝቃዜ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ብዙ ስፍራዎች ስማቸውን ያገኙት ከገበያ ቀን ነው። ሮብ ገበያ የሚቆምበት ቦታ ሮቢት ይባላል። ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ሮቢት አለ፣ በሰሜን ወሎም በቆቦ አጠገብ ሮቢት አለ። ከጎንደር በስተ ደቡብ ማክሰኚት፣ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ሐሙሲት ይገኛሉ። ትግርኛ በሚነገርበት አገርም የሐሙስ ገበያ እዳጋ ሐሙስ ስለሚባል፣ በትግራይ እዳጋ ሐሙስ የሚባል ከተማ፣ በአሥመራም እዳጋ ሐሙስ የሚባል ሰፈር አለ። በሳምንት ውስጥ ሰባት ቀን ብቻ ስላለ፣ ገበያው ግን ከሰባት እጅግ ስለሚበዛ፣ ስሙ መደጋገሙ የማይቀር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ውርስ ነው። አንድ የከበረ ስም ከአንድ ነገር ወደ ሌላው ይሻገራል። ደብረ ዘይት በመጀመሪያ በኢየሩሳሌም ያለው ተራራ ነው፤ ቀጥሎ በዐቢይ ጾም የአምስተኛው እሑድ መጠሪያ ነው፤ ደግሞም ዛሬ ቢሾፍቱ የምትባለው ከተማ ለብዙ ዘመን በዚሁ ስም ትጠራ ነበር። ደብረ ታቦርም እንዲሁ በገሊላ ተራራ፣ ነሐሴ 13 ቀን በዓል፣ በደቡብ ጎንደርም ከተማ ነው። ከዚችው ከተማ አጠገብ በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ የተሠራው ታላቅ መድፍ ሴባስቶፖል መባሉ፣ በክሪምያ ጦርነት ስሙ ከገነነው ከሴባስቶፖል ከተማ ስም ተወርሶ ነው።

በአዲስ አበባ «ወደ ጊዮርጊስ እሄዳለሁ» የሚል ሰው በአራዳ ወዳለው ካቴድራል ይሁን፣ ወይስ ወደ ሌላ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ በንግግሩ ብቻ አይታወቅም። «ጊዮርጊስ አሸነፈ» ሲባል ነገሩ በ1935 ስለ ተመሠረተው የእግር ኳስ ቡድን ነው። «ጊዮርጊስ ቅዳልኝ» ሲባል ደግሞ በ1922 ሥራውን ስለ ጀመረው ፋብሪካ ቢራ ነው። ሁሉም በሰማዕቱ ስም የተጠሩ ሲሆኑ፣ በሥራቸው ግን ምንም የሚያገናኛቸው የለም። አዋሽም እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ነው፤ በተጨማሪም የከተማ፣ የብሔራዊ ፓርክና በ1994 የተቋቋመ ባንክ ስም ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ድንገተኛ የድምፅ ግጥጥሞሽ ነው። ለዚህ ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ ኦሞ ነው። ኦሞ ከኢትዮጵያ ደጋ ወርዶ በኬንያ ወደሚገኘው ቱርካና ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው፤ ሐይቁ ከሚያገኘው ውሃ ከመቶ 90 ያህሉ የሚመጣው ከእርሱ ነው። ከናይሮቢ የመጣው የሪቻርድ ሊኪ ቡድን በ1967 በኦሞ ሸለቆ በኪቢሽ ያገኘው የጥንት ሰው የራስ ቅልና ዐፅምም ኦሞ ተብሎ ይጠራል። በ2022 የወጣው ጥናት ዕድሜው ከ200,000 ዓመት በላይ እንደሚሆን ገልጿል። የወንዙ ስም ለዐፅሙ የተሰጠው በውርስ ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ሱቅ ገብቶ ኦሞ የሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው ወንዝም ዐፅምም ሳይሆን የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ስም እጅግ ከመለመዱ የተነሣ፣ በሌላ ፋብሪካ የተሠራውንም ዱቄት ሕዝቡ ኦሞ ብሎ ይጠራዋል። በናይጄርያ በዮሩባ ቋንቋ ደግሞ ልጅ ማለት ነው። ወንዙ፣ ዱቄቱና የዮሩባው ልጅ የተገናኙት ሁለት አጫጭር ድምፆችን ለመጥራት ለማንኛውም ሰው አፍ ቀላል በመሆኑ ነው።

ሮቤም ከዚህ ወገን ሊቈጠር ይችላል። በባሌ ሮቤ አለ፣ በአርሲም ሮቤ አለ። በደቡብ አውስትራልያም በባሕር ዳርቻ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከእነዚሁ ጋር አንድ የሚሆን ከተማ አለ፤ ነገር ግን ያ ከተማ በ1846 ሲቈረቈር ስሙን ያገኘው ፍሬድሪክ ሮብ ከሚባለው የአገሩ አስተዳዳሪ ነው።

አራተኛው ምክንያት ወሰን ነው። ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ ያለ ስም ነው። ድንበሩ በመካከል ስለሚያልፍ ሁለት ሞያሌዎች አሉ፤ አንደኛው በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው በኬንያ በማርሳቢት ካውንቲ። ሰዉ፣ ቋንቋውና ገበያው የተያያዘ ሲሆን፣ ሕጉ፣ ገንዘቡ፣ የፖሊሱ ሥልጣንና የፖስታ አገልግሎቱ ግን የተለያየ ነው። ሁለቱ መንግሥታት መንገደኛና ጭነት በአንድ ስፍራ የሚፈተሹበትን የጋራ የድንበር ኬላ በ2020 መርቀው ከፍተዋል። ይህ ኬላ ለመንገደኛ ታላቅ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን በማመልከቻው ላይ «ሞያሌ» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው፣ የየትኛው መንግሥት ሞያሌ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ አያልፍም።

ስለ ፊደል

በአማርኛ ፊደል የሐይቁ ስም በ«ጣ»፣ የኬንያው ወንዝ ስም በ«ታ» ይጻፋል። ስለዚህ አማርኛ አንባቢ ሁለቱን በዓይኑ ይለያቸዋል። በላቲን ፊደል ግን «ጠ»ን የሚተካ የተለየ ፊደል ስለሌለ፣ ሁለቱ ስሞች በአንድ ዓይነት ፊደላት ተጽፈው መንታ ይመስላሉ። ይህ እንዳይሆን በ1967 የተደረገው የጄኔቫ ጉባኤ አማርኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍበትን ሥርዓት አጽድቋል፤ በዚያም ሥርዓት «ጠ» ከ«ተ» የሚለይበት ምልክት ይደረግለታል። ነገር ግን በጋዜጣና በሆቴል ማስታወቂያ ላይ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ በቀረም ጊዜ የሐይቁና የወንዙ ልዩነት አብሮ ይቀራል።

የአማርኛ ፊደልም ቢሆን ከዚህ ጉድለት ንጹሕ አይደለም፤ ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን በጽሑፍ አይለይም። «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓልና በዚያ ሰሞን በዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ ሲላላ ግን ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «ዋና» ሲላላ በውሃ ላይ መዋኘት፣ ሲጠብቅ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ማለት ነው። አንባቢው የሚለየው በፊትና በኋላ ባሉት ቃላት እየተመራ ነው። የቦታ ስም ግን ብዙ ጊዜ በፖስታ ጀርባ፣ በመዝገብ ዓምድ ወይም በካርታ ላይ ብቻውን ስለሚጻፍ፣ የሚመራ ቃል አያገኝም። ችግሩ የሚከፋውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከስም መመሳሰል የሚደርስ ጉዳት

በ2002 ሁለት ወጣት እንግሊዛውያን በአውስትራልያ ወዳለችው ወደ ታላቂቱ የሲድኒ ከተማ ለመሄድ አስበው የአውሮፕላን ቲኬት ገዙ። ቲኬቱ የተቈረጠው ግን በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ ላለችው ለትንሿ ሲድኒ ነበርና፣ ወጣቶቹ ከሚፈልጉት አገር በምድር ሌላ ወገን ወርደው ተገኙ። ይህ ነገር ብዙ ሰው አስቋል፤ ስሕተቱም የመንገድ ወጪና ድካም ከማስከተል በቀር የከፋ ጉዳት አላደረሰም።

የማያስቅበት ጊዜ ግን አለ። በ2024 በኤፕሪልና በሜይ ወር በኬንያ የወረደው ከባድ ዝናብ የታናን ወንዝ አስሞልቶ፣ በጋሪሳና በታና ሪቨር ካውንቲዎች ብዙ ሕዝብ ከመኖሪያው አፈናቅሏል። እንዲህ ያለው ወሬ በአጭሩ «ታና ሞላ» ተብሎ በስልክ ሲደርስ፣ ዘመዱ በጣና ዳር ያለ ሰው ያለ ምክንያት ሊደነግጥ፣ ዘመዱ በጋሪሳ የሚኖር ሰው ደግሞ ነገሩ የባሕር ዳር ነው ብሎ ያለ አግባብ ሊረጋጋ ይችላል። ሕመምተኛ ወደ ሮቢት እንዲላክለት መኪና የሚጠይቅ ሰውም የሸዋውን ይሁን የቆቦውን ካልተናገረ፣ የሚጠፋው ሰዓት የሚቈጠረው ከሕመምተኛው ዕድሜ ላይ ነው።

ሌላም ረቀቅ ያለ ጉዳት አለ። ይኸውም ሰዎች የስምን መመሳሰል የዝምድና ማስረጃ ማድረጋቸው ነው። የዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ በድምፅ ለሐረር እጅግ ትቀርባለች። ነገር ግን ሐራሬ እስከ 1982 ድረስ ሶልስበሪ ትባል ነበር፤ የዛሬው ስሟም የተወሰደው ከሾና ሕዝብ አንድ የጥንት ባላባት ስም ነው። ጥንታዊቱ የሐረር ከተማ ከዚህ ጋር አንዳች ግንኙነት የላትም። በስም ብቻ ተመርቶ አንዱ ሕዝብ ከሌላው ፈልሷል፣ ይህ መሬት የእነዚያ ነበር የሚል ሰው፣ ታናን አይቶ ኖርዌይና ኬንያ አንድ አባት አላቸው እንደሚል ሰው ነው። የታሪክ ማስረጃ የሚሆነው ስሙ በየት፣ መቼና በማን እንደ ወጣ በጽሑፍ ወይም በታመነ ትውፊት ሲታወቅ ነው፤ የድምፅ መመሳሰል ጥያቄ ለመጠየቅ ይበቃል እንጂ ለመፍረድ አይበቃም።

ስሞችን መለያ መንገድ

የቦታ ስም ሊቃውንት መዝገብ ሲያዘጋጁ ስሙን ብቻውን አይተዉትም። በመጀመሪያ የነገሩን ዓይነት ይጽፋሉ፤ ወንዝ ወይም ሐይቅ፣ ከተማ ወይም ደሴት መሆኑን። ቀጥሎ የሚገኝበትን ግዛት ይጽፋሉ። በመጨረሻም በምድር ላይ ያለውን ስፍራ በዲግሪ ያመለክታሉ። ጣና ሐይቅ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ12 ዲግሪ አካባቢ ይገኛል። የኬንያው ታና ወደ ባሕር የሚገባው ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ በ2 እና በ3 ዲግሪ መካከል ነው። የኖርዌዩ ታና በስተ ሰሜን በ70 ዲግሪ አካባቢ፣ ታና ደሴትም በስተ ደቡብ በ19 እና በ20 ዲግሪ መካከል ናቸው። ስሙን ብዙ ነገር ሊጋራው ይችላል፤ ዲግሪውን ግን አንዱ ለሌላው አይለቅም።

የኢትዮጵያ ሕዝብም ይህን ጥበብ በራሱ መንገድ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ባንድ መንደር ብዙ አበበዎች ቢኖሩ ማንም አይቸገርም፤ ስም ከአባት ስም ጋር ይጠራል፣ የአባትም ስም ከተመሳሰለ የአያት ስም ይጨመራል። ለቦታም ያው ተደርጓል። ሮቢት ሁለት በሆነ ጊዜ ሸዋ ሮቢትና ቆቦ ሮቢት ተባለ። ሮቤ ሁለት በሆነ ጊዜ ባሌ ሮቤና አርሲ ሮቤ ተባለ። በአዋሽ ዳር ያሉትም ከተሞች አዋሽ ሰባት፣ አዋሽ አርባ፣ አዋሽ መልካሳ እየተባሉ ተለይተዋል። ከስሙ በፊት ወይም በኋላ የገባችው አንዲት ቃል ለቦታው እንደ አባት ስም ሆና ታገለግላለች።

እንግዲህ ከመንግሥት ሠራተኛ የሚፈለገው ይህንኑ ልማድ በጽሕፈት ቤት ሥራ ላይ ማዋል ነው። በመዝገብ ላይ የሰው ስም ሲጻፍ እስከ አያት መጻፍ አለበት። የቦታ ስም ሲጻፍ ቀበሌው፣ ወረዳው፣ ዞኑና ክልሉ ሊታከል ይገባል። ለአዲስ ትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ ወይም ለመንገድ ስም ከመስጠት አስቀድሞም፣ ያው ስም በዚያው ወረዳ ተይዞ እንደ ሆነ መዝገብ መመልከት ያሻል። ስም ከተሰጠና ከተለመደ በኋላ መለወጥ ብዙ ወረቀት፣ ብዙ ማኅተምና ብዙ ክርክር ያስከትላል፤ አስቀድሞ መዝገብ መግለጥ ግን ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም።

የከተማ ነዋሪም የሚያደርገው አለ። ወደ ሞያሌ የሚጽፍ ሰው የአገሩን ስምና የፖስታ ሣጥኑን ቍጥር ይጨምር። ስልክ የሚደውል ሰው የኢትዮጵያው መለያ 251፣ የኬንያው 254 መሆኑን ይመልከት፤ ስሙ አንድ የሆነው ሁሉ በቍጥሩ ይለያልና። አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና የሚጠራ ሰው «ጊዮርጊስ አጠገብ» ብሎ አይቁም፤ የቱ ጊዮርጊስ እንደ ሆነ፣ በየትኛው ክፍለ ከተማና በየትኛው መንገድ እንደሚገኝ ይናገር። ከሩቅ አገር ወሬ ሲሰማም የሰማው ስም እርሱ የሚያውቀው ስፍራ መሆኑን ሳያረጋግጥ ለሌላው አያስተላልፍ።

በ2009 በናይሮቢ የተሰበሰቡት ሊቃውንት ብዙ ገጽ የሚጽፉለት ሥራ በየዕለቱ ባንድ መስኮት ፊት በቀላሉ ሊሠራ ይችላል። ባለጉዳዩ «ከሮቢት ነኝ» ሲል ጸሐፊው «ከየትኛው ሮቢት?» ብሎ ይጠይቅ፤ ባለጉዳዩም ጥያቄውን እንደ መጉላላት ሳይቈጥር ይመልስ። መልሱም ከስሙ ጐን በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።